ውሃልክ፣ ፒካፕ አስተካካዩ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ስንት ይወጣዋል? ይህን ጥያቄ ብዙ ዓመት የፍልስፍና ክፍል ውስጥ ቆሜ ወጣቶችን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መልሱንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ የነበረውን መካኒክ ከቀበርን ወዲህ ግን ጥያቄውን ራሱን እፈራዋለሁ።

ውሃልክ ነበር የምንለው። ግንበኞች ግድግዳ መጣመም አለመጣመሙን የሚያዩባት፣ መሐሏ ላይ አረፋ የምትንሳፈፍባት ትንሽ መለኪያ ከደረት ኪሱ ስለማትለይ ነው። ሥራው የፒካፕ መኪናን ፊትና ኋላ እኩል ማድረግና ትልልቅ ጎማ መግጠም ነበር። ፒካፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት እንዲስተካከል ታስቦ። አብዛኞቹ ባለቤቶች ግን ከራሳቸው በቀር የሚጭኑት የላቸውም። ባዶ መኪናቸው እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ያፍራሉ፤ ያፈሩትን ይዘው ወደ ውሃልክ ይመጣሉ።

ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል ነበር። መኪናውን በክሪክ ያነሳና የፊት ጎማዎቹን ይፈታል፤ ክብደቱን ከሚሸከመው ሞላ አናት ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ወፍራም የብረት ቀለበት ያስገባና መልሶ ያስራል። ከዚያ ትልልቆቹን ጎማዎች ይገጥምና መሪውን እስከ ጥጉ ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ጎማው ከበላዩ ያለውን ሽፋን፣ ፓራፋንጎውን፣ ከነካ ቆርቆሮውን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በመጨረሻ መለኪያዋን ያስቀምጥና አረፋዋ መሐል እስክትቆም ትንፋሹን ይይዛል።

«ውሃልክ፣ ትንሽ ጨምርልኝ እንጂ! ጎረቤቴ ቁልቁል እያየኝ እኮ ነው» አለው አንድ ቀን አንድ ነጋዴ።

«መሰላል ግዛ» አለው ከመኪናው ሥር። «እኔ መኪና ነው የማስተካክለው፤ ቅናት የሚስተካከልበት ጋራዥ ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ።»

የእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መከራ፣ በደንብ መሠራቱ የሚታወቀው ምንም ነገር ባለመድረሱ መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ነገር አልደረሰም። ምንም ስላልደረሰ ደግሞ ማን ተነሥቶ ያመሰግናል?

አንድ ሕግ ነበረው፤ የዘመድ መኪና አይነካም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እጄ ይፈራል» ከማለት ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ሕጉን ያስጣሰችው አንድ ልጁ ናት። ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበረች፤ ሣቋ ከግቢያቸው አልፎ እኔ ቤት ይሰማ ነበር። ባሏ ያገለገለ ፒካፕ ገዝቶ ከፍ ካላደረግሁት ብሎ አስቸግሯታል።

«አባዬ፣ ለአገር ምድሩ ስትሠራ ውለህ ለእኔ ባል ሲሆን ነው እጅህ የሚታሰረው?»

«አልነካም አልኩሽ። ሐኪም የገዛ ልጁን ሆድ ይከፍታል እንዴ?»

«ይሄ ሆድ አይደለም፣ ብረት ነው። እሺ፣ ተወው። ማዶ ያለው በያጅ ጋ ይወስደዋል።»

ማዶ ያለው በያጅ ብረት በብረት ላይ እየለጠፈ መኪና እንደሚያነሳ ውሃልክ ያውቃል። መለኪያዋን ከደረት ኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተታት። ከዚያ «ቅዳሜ አምጪው» አላት።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ዋለ። ልጁ የተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ስታወራው፣ አማቹ ሰዓቱን ሲያይ፣ ቀኝ ጎኑ አለቀ። ግራውን እያገባደደ ሳለ ሚስቱ ከጓዳ «አንተ ሰውዬ፣ ምሳው በረዶ ሆነ!» ብላ ተጣራች። ከመኪናው ሥር አልወጣም። ልጁ ተነሣችና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ይዛ ከመኪናው ሥር ጎተተችው። እየሣቁ ወጡ፤ እጁን አስታጠበችው። ከምሳ በኋላ ተመልሶ የግራውን ጎማ ገጠመ፤ መለኪያዋን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሐል ቆመች።

በስድስተኛው ቀን ፒካፑ ቁልቁለት ላይ፣ ከመታጠፊያው ሳይደርስ ወደ ግራ ተስቦ ተገለበጠ። አማቹ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ልጁ እዚያው አረፈች።

ፖሊስ «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ብሎ ጻፈ። አማቹም ክንዱን አንጠልጥሎ መጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ፈጥኜ ነበር።» ውሃልክ አነሣው፣ ሳመውም። ሊያምነው ፈልጎ ነበር፤ ምን ያህል እንደፈለገ እኔ አይቻለሁ።

ማመን ያቃተው በአንድ የአሠራር ልማዱ ምክንያት ነው። ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ ከቡሎኑ አናት እስከሚያርፍበት ብረት ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር ያሰምራል። ቡሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል። መስመር የሌለው ቡሎን ካለ ደግሞ ያልጠበቀ ነው ማለት ነው። በግራው በኩል አራት ቡሎኖች ነበሩ። ሦስቱን ሲያሰምር ትዝ ይለዋል። በአራተኛው ቦታ ትዝ የሚለው ቁርጭምጭሚቱን የያዙት የልጁ እጆች ብቻ ናቸው።

ጋራዡን ዘጋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ላጽናናው ብገባ ባዶው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። ከላዩ መኪና የለም። ቀኝ እጁን አንሥቶ አየሩ ላይ ያሰምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ እጁ ይቆማል። እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሰው የገዛ እጁን ምስክርነት ጠርቶ እጁ ዝም ሲለው ያየሁት ያን ቀን ነው። ፍልስፍና ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል አልነበረውም፤ እኔም ጫማዬን እያየሁ ወጣሁ።

የፒካፑ ስብርባሪ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ሊያየው እንዲፈቅዱለት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ «አባት፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አሉት። ግቢው በር ላይ ቆመ፤ ዘበኛው «ወረቀት ያምጡ» አለው። አማቹን ጠየቀ፤ «ምን ያደርግልዎታል፣ አባባ? እሷን አይመልሳት» አለው። ሚስቱ «እሷን አፈር አልብሼ አንተን ደግሞ ለብረት አልሰጥም» ብላ ጫማውን ደበቀች። ሁሉም የከለከሉት አዝነውለት ነው። በሁለተኛው ወር ፒካፑ ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ተሸጠ። ውሃልክ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተነፈሰ፤ ኖረ ለማለት ይከብደኛል።

ፒካፑ ከመሸጡ በፊት እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር። የኢንሹራንሱ ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ መሆኑን ከሰው ሰምቷል። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። መስመሩ ከሌለስ ብዬ ፈራሁ፤ አለማወቅ ይሻለዋል ብዬ እኔው ፈረድኩለት፤ «እሺ፣ እደውላለሁ» ብዬው ሳልደውል ቀረሁ። ያን ዕለት ቤቴ በር ላይ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

«መምህር፣ መኪናውን ስጡኝ አላልኩም» አለኝ። «አልነካውም፤ እጄን ከኋላ ይሰሩኝ። ጎንበስ ብዬ አንዷን ቡሎን ብቻ ልያት።»