ቅቤ የማይስማማው ደም

ወልቂጤ ላይ ክትፎ ቤት አለኝ። ስለ ቅቤ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። በደንብ መነጠሩን ድስቱ ሳይከፈት ከሽታው አውቃለሁ፤ ጉራ ከመሰላችሁ ደንበኞቼን ጠይቁ። እግዚአብሔርም አንዳንዴ ይቀልዳል መሰለኝ፣ ጠብታ ቅቤ የማይስማማትን ልጅ ፈልጎ ፈልጎ ለእኔ ሰጠ።

ልጄ ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ ሆዷን ያማት ነበር። እግሯን ሰብስባ ታለቅሳለች፣ ታስመልሳለች፣ ትንሽ ትድንና ደግሞ ያገረሽባታል። በእኛ አገር ለዚህ ሐኪም ማማከር አያሻም። ለአራስ ቅቤ፣ ለሳል ቅቤ፣ ለራስ ምታት አናት ላይ ቅቤ፣ ለሆድማ ምን ጥያቄ አለው! አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እምድብር አጠገብ ካለው መንደራቸው ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ተጋፍተው ይመጡና በባዶ ሆዷ ለብ አድርገው በማንኪያ ያጠጧታል። ሲብስባት "አንሷት ነው" ብለው ይጨምራሉ። ማንኪያውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ከፍቅር በቀር በማናችንም ልብ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም።

ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ሕመሙ ክፉኛ ጣላትና ሆስፒታል ወሰድናት። ደም ቀዱላት። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ራሱ ብልቃጡን ይዞ መጣና አሳየን። የልጄ ደም ላዩ ነጥቷል፤ ወተት ያፈሰሱበት ይመስላል። "ቆሽቷ ተቆጥቷል፣ ደሟ ውስጥ ያለው ስብ ከልክ አልፏል" አለን። የልጅ ደም ወተት ሲመስል ማየት ምን እንደሚያደርግ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ከብዙ መመላለስና ውጭ አገር ድረስ ከተላከ ምርመራ በኋላ አንዲት ሐኪም እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ አስረዳችን። የበላነውን ስብ ደም ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ሰውነት ያንን ኢንዛይም የሚሠራበት ትእዛዝ ደግሞ ጂን ላይ ነው ያለው። የልጃችን ትእዛዝ ተበላሽቷል። ስቡ ሳይሰባበር ደሟ ውስጥ ይከማችና ቆሽቷን ያቃጥላል። "እንዲህ ያለ ሕመም ከደገማት ላትተርፍ ትችላለች" አለች። ከዚያ ቀጥላ "የወረሰችው ከሁለታችሁም ነው" ስትል ባለቤቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

ባለቤቴ ብየዳ ቤት ያለው፣ ድምፁ ከመዶሻው የማይተናነስ ሰው ነው። "እኛ ዘመድ አይደለንም! እኔ የቸሃ ጉራጌ፣ እሷ የመስቃን! ሽማግሌ ዘር ቆጥሮ ነው ያጋባን!" ብሎ ጮኸ። አልፈርድበትም። ዘመዱን አገባ መባል ለእኛ ሰው ትልቅ ስድብ ነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ዘመድ መሆን አያስፈልግም" አለችው። "ሁላችንም እያንዳንዱ ጂን በሁለት በሁለት ነው ያለን፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። እናንተ አንዱ ቢበላሽባችሁም ሌላው ጤነኛ ስለሆነ ሥራውን ይሠራላችኋል፤ ስለዚህ አላወቃችሁትም። እሷ ከሁለታችሁም የተበላሸውን ወሰደች። የማንም ጥፋት አይደለም።" ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ወሊሶ ላይ "ታዲያ ምን ትብላ?" አለኝ።

የቸገረውም እሱ ነበር። መድኃኒቷ ገበታዋ ነው ተብለናል። የተቀቀለ ጎመን፣ ቆጮ፣ ዘይት ያልነካው ምስር፣ ሞራው ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ሥጋ። ቅቤ እንደ ውኃ በሚፈስበት ኩሽናዬ ውስጥ ለእሷ የራሷ ድስትና የራሷ ቢላዋ ገባ፤ ያንን ድስት በስህተት የነካ ሠራተኛ ምላሴን ያውቀዋል። ደንበኞች "የክትፎ ቤት ልጅ ጎመን ትበላለች" እያሉ ይስቁ ነበር። ይሳቁ! ያች አልጋ ላይ ተጣጥፋ የምታቃስት ልጅ ደጃፌ ላይ ገመድ ስትዘል እያየሁ በሰው ሳቅ የምናደድ ሴት አይደለሁም።

ያላመኑት አማቴ ብቻ ነበሩ። "ቅቤ የገደለው ጉራጌ ሰምቼ አላውቅም" ይሉኛል። ብለምናቸው፣ ባስረዳቸው፣ ልጃቸው ቢቆጣም ወይ ፍንክች። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን ደመራ ባንደምርም፣ ለመስቀል አገር ቤት አለመግባት ግን አይታሰብም። አምና መስቀል ሲቃረብ የአማቴን ቅቤ ፈራሁ። በእኛ ባህል ለመስቀል በሬው የወንዱ፣ ቅቤው የሴቷ ድርሻ ነው። አማቴ ዓመቱን ሙሉ ከራሳቸው አፍ ቀንሰው ያጠራቀሙትን ቅቤ ነው ለቤተሰቡ የሚያቀርቡት። እሱን እምቢ ማለት እሳቸውን እምቢ ማለት ነው። ባለቤቴ "ዘንድሮ እንቅር" ቢል፣ ልጅቷ "እኔ አልቀርም፣ አያቴን እፈልጋለሁ" ብላ አሻፈረኝ አለች።

እንደፈራሁትም ሆነ። ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ፣ ክትፎው በኮባ ላይ ቀርቦ፣ አማቴ በቀንድ ማንኪያ ቅቤው የሚንጠባጠብ ጉርሻ ዝቀው ልጄን በስሟ ጠሯት። መሀል ልገባ ስነሳ ባለቤቴ ነጠላዬን ያዘኝ። "ተያት፣ ራሷ ትመልስ" አለኝ በሹክሹክታ።

ልጄ አፏን በእጇ ከደነች። የአማቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። አንዷ አክስት "ኧረ ነውር ነው!" አለች። ልጄ ግን ጎንበስ ብላ የአያቷን ጉልበት ሳመችና በራሳቸው በጉራጌኛ፣ ሁሉም እየሰማት እንዲህ አለቻቸው።

"አያቴ፣ ቅቤሽ ጥሩ እንደሆነ ሁሉም ይነግረኛል። የእኔ ደም ግን ቅቤ መሰባበር አይችልም፤ እንዲህ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ከበላሁት እሞታለሁ። በጉርሻው ፋንታ መርቂኝ።"

እኔ እንኳ "እሞታለሁ" የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አማቴ ማንኪያውን መለሱ። ሁለት እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው "እደጊ፣ እኔን ቅበሪኝ፣ ወልደሽ ሳሚ" ብለው መረቋት። ከዚያ ወደ ዘመዱ ሁሉ ዞሩ።

"ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ ለዚች ልጅ ቅቤ ያቀመሰ ሰው እኔን አይቅበረኝ!"

በእኛ ዘንድ ከዚህ የከበደ ቃል የለም። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አማቴ ግን እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ከወንዶቹ ዘንድ ሞራ ያልነካው ሥጋ አስመጡ፤ በንጹሕ ድስት ለብ ለብ አድርገው፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰው ይዘውላት መጡ። ስንት ዓመት ክትፎ ሳቀርብ ኖሬ እንደዚያ ደረቅ ሥጋ ያኮራኝ ገበታ የለም። በልጄ ልኩራ በአማቴ አላውቀውም፤ እንባዬ ግን ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

አማቴ በቆጮ ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉላት። ልጄ ልብላው ወይ ብላ ወደ እኔ ሳትዞር አፏን ከፈተችላቸው።