እጅሽ ይባረክ

ባለፈው ሳምንት መሪ ሰፈር፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም አጠገብ፣ ለግንባታ በተደፋ የአሸዋ ክምር ላይ ድንገት ዝናብ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አሸዋ ስለነበር ሽታው እስከ ሦስተኛ ፎቅ መጣ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሥቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጋለ አሸዋ ሲሸተኝ ራሴን የማገኘው ቀበና፣ አባቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው።

ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ የነበርነው አባታችን፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ንግግሩ አጭር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። መሐንዲስ እንድሆንለት ይመኛል። እኔ ግን እኩዮቼ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ሲሰበስቡ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እሰበስብ ነበር። አንዱን አገር የለቀቁ ጎረቤቶች ጥለውት ሄደው ነው ያገኘሁት፤ አንዱን በልብ ወለድ ለወጥኩት፤ ሌላው ሽፋን እንኳ አልነበረውም። ሁሉም አልጋዬ ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል። ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ ማለት ለአባታችን ነውር ስለነበር ካርቶኑን የምታውቀው እህቴ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባታችን እንጦጦ ላይ ድንች የምታመርተውን አክስቴን ሊጠይቅ ይወጣል። የግቢው በር ሲዘጋ ካርቶኑ ይወጣል። መጽሐፉ «ኦቨን» ይላል፤ እኛ ደግሞ ኦቨን የለንም። ትልቅ የብረት ድስት ውስጥ አሸዋ ጨምረን ከሰል ላይ እናግለዋለን፤ ከዚያ የሊጡን ጣሳ አሸዋው ላይ አስቀምጠን እንከድነዋለን። መጽሐፉ ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን አይብ ሲጠይቅ አክስቴ ከላሞቿ የምትልክልንን አይብ እናደርግበታለን። የመጀመሪያው ኬካችን ከሥሩ አርሮ ከላዩ ሊጥ ሆኖ ወጣ። እህቴ መሃል መሃሉን በማንኪያ ጎርጉራ በላችና «ከአሥር አራት፤ ሁለቱ ለድፍረትህ ነው» አለችኝ። እንደዚያ እየሳቀች ስትበላልኝ ሌላ ሰው የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉም የተሳካልኝ የብርቱካን ዶሮ ነው። መጽሐፉ ወይን ጠጅ ጨምሩ ይላል፤ በእኛው ጠጅ ሞከርኩት፣ መረረ። ስንት ቅዳሜ ካበላሸሁ በኋላ በማርና በቁንጥር ሚጥሚጣ ተስተካከለ። እህቴ አጥንቱን ስትግጥ ነጥብ መስጠቱንም ረሳችው።

በዚያው ዓመት ታጨች። ሽማግሌዎች መጥተው እሺ ከተባሉ በኋላ የእጮኛዋ እናት ቅዳሜ ምሳ ልትመጣ ሆነ። እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ያንን ዶሮ ሥራልኝ። ሴትየዋ ቀምሳ የማታውቀው ምግብ የለም ይላሉ።»

«አባባስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። በልተው ሲያመሰግኑ ‹ወንድሜ ነው የሠራው› እላለሁ። እንግዳ ፊት አይቆጣም። የሆቴል ትምህርት ቤቱንም ያኔውኑ እጠይቅልሃለሁ።»

ሆቴል ሥራ መማር እንደምፈልግ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። ቃሏን አምኜ ሌሊቱን በደስታ ስገላበጥ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባታችን ለእንግዳዋ ቅቤና አይብ ሊያመጣ አክስቴ ዘንድ ሲወጣ እኔ ጓዳ ገባሁ። ምሳ ሲቀርብ አባታችን ተመልሶ ከእንግዳዋ ጋር ተቀምጧል፤ ቤቱ ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር። የእጮኛዋ እናት መጀመሪያ በጥርጣሬ ቀመሰች፤ ከዚያ ሳትናገር በላች፤ ከዚያ ራሷ ጨመረች። ማስታጠቢያ ይዤ ስገባ እህቴን በስስት እያየቻት ነበር።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ! ለመሆኑ ከማን ተማርሽው?»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

«ከእናቴ» አለች።

እናታችን እንዲህ ያለ ዶሮ ሠርታ እንደማታውቅ ከእኔ ይልቅ አባታችን ያውቃል። ግን አላረማትም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ፤ እየሳቀች።

«እሱን አይዩት፣ እማማ! ጓዳ እየገባ መከራዬን ነው የሚያሳየኝ። ትምህርቱን ትቶ የምግብ መጽሐፍ ሲያነብ ይውላል። አልጋው ሥር ካርቶን ሙሉ አለው።»

እንግዳዋ «ለሚስቱ ይጠቅማታል!» ብላ ሳቀች። አባታችን አልሳቀም። የሴትየዋን እጅ ሳስታጥብ ውሃውን ቀሚሷ ላይ አፈሰስኩት።

እንግዳዋ እንደተሸኘች አባታችን «ካርቶኑን አምጣው» አለኝ። አልጮኸም። ራሱ ተሸክሞ ቆሎና ስኳር በወረቀት ለሚጠቀልለው ባለሱቅ አስረከበው። ጓዳ ስገባ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች።

«ለምን?» አልኳት።

«ታዲያ ምን እንድትለኝ ነው? ወንድሟ ነው የሚያበስልላት ትበለኝ?» አለች፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ሱቅ ጨው ስገዛ ጥቅልሉን አላየውም ነበር፤ ፊቴን አዙሬ ኪሴ እከተዋለሁ። እህቴ ተዳረች። በሠርጓ ከሚዜዎቹ ጋር ጨፈርኩ፤ ሰው ሁሉ እንዴት ቢዋደዱ ነው አለ። እኔም መሐንዲስ ሆንኩ። አባታችን በእኔ ተደስቶ ሞተ። ከእህቴ ጋር በበዓል እንጠያየቃለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንሥተን አናውቅም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«አማቴ ታመዋል። እህል አልቀምስ ብለው ያንን ዶሮ አሉኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት እያመካኘሁ ኖሬ አሁን ምን ልበላቸው? እንዴት ነበር የምትሠራው?»

ረስቼዋለሁ ማለት እችል ነበር። ግን ነገርኳት። የብርቱካኑ ነጩ ልጣጭ ተነሥቶ እንደሚጣል፣ ሽንኩርቱ እንዳይጠቁር፣ ማሩ ድስቱ ሊወርድ ሲል እንደሚገባ፣ አንድም ሳላስቀር። እሷ ከሥር ከሥር ትደግመዋለች። ስጨርስ ስልኩን አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅኋት።

«ሌላ የቀረ ነገር አለ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«የለም» አልኳት።