ስንት ሰው?

ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተና የምታጠናው ጮክ ብላ ነበር። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አልዘለቅሁም፤ ምስር እየለቀምሁ እሰማታለሁ።

«የሚቆጠር ስም፣ የማይቆጠር ስም» ትላለች። «በሬ ይቆጠራል። ውሃ አይቆጠርም፣ ዱቄት አይቆጠርም፣ ወሬም አይቆጠርም።»

«ወሬማ እንዴት አይቆጠርም? ከጎረቤታችን አፍ ብቻ በቀን አሥር ይወጣ የለም እንዴ?»

«ለእንግሊዞች ወሬ እንደ ውሃ ነው እማዬ። ተይኝ፣ አታስቂኝ።»

ከዚያ ሰው ላይ ደረሰች። እነሱ ዘንድ አንዱ ሰው ሌላ ቃል፣ ብዙው ሰው ሌላ ቃል አለው አለችኝ። «እኛ ‹ሰው መጣ› ስንል አንድም ይሁን አሥር ያው ነው። ሁልጊዜ የምሳሳተው እዚህ ላይ ነው።»

«አይዞሽ» አልኋት። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ፈተናው ደብረ ታቦር ነው፤ ከእኛ ከእብናት የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ተኩስ የማይለየው ሆኗል። ቅሪ ብዬ ለመንኋት።

«ትምህርት ቤት ተዘግቶብኝ ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ። ከዚህ በላይ ስንት ልቀመጥ?»

ስንቅ ቋጠርሁላት። በማለዳ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኋት።

ከቀትር በኋላ አንድ ጎረቤት በደጄ ሲያልፍ «መንገድ ላይ ሰው ሞተ» አለኝ።

«ማን? ስንት ሰው?»

«እኔ እንጃ። የሚኒባስ ሰው ነው አሉ። ሰው ሞተ ነው የሚባለው።»

አንድ ይሁን፣ መኪናው ሙሉ ይሁን፣ ከዚያ ቃል ውስጥ ማውጣት አቃተኝ። ስልክ አይሠራም። ነጠላዬን እየጎተትሁ መናኸሪያ ድረስ ሮጥሁ። ብዙ እናት ቆሟል፤ ሁሉም የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

በመጨረሻ ከደብረ ታቦር በኩል የጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ ሳይወርድ «ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ወንድ» አለን። «ተፈታኞቹን አድርሰው ሲመለሱ ነው። ልጆቹ ደኅና ናቸው።»

«ተመስገን!» አልሁ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

አጠገቤ የቆመችው ሴት ባሏ ሚኒባሱን የሚነዳው ነበር። አላለቀሰችም። ዞራ አየችኝ።

ለቅሶ ደረስሁ። «እግዜር ያጥናሽ» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ልጄ ተፈትና መጣች። «ያቺ ሴትዮ ምን አድርገናት ነው ሰላም የማትለን?» ትለኛለች።

እስካሁን አልነገርኋትም።