መሪዬን የነጠቀኝ ሐኪም

የሰፈራችንን ውሾች በድምፃቸው ለይቼ ማወቅ ስጀምር ነው ነገሩ ያልጣመኝ። አንዱ ጎርናና ነበር። አንዷ ደግሞ ሌላ ውሻ ካልጀመረ አትጮህም። ጤነኛ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ጤነኛ ሰው ተኝቷላ! እኔ ግን ጎኔን እያገላበጥኩ ስሰማቸው አድር ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ እጠፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ዓይኔ እንደፈጠጠ ይነጋል። ይህን የምጽፈው እንደኔ እንቅልፍ አልፎ አልፎ ለሚነሣው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አያዝንለትም፤ «ትናንት ተኝተህ የለም እንዴ?» ይሉታል።

ሾፌር ነበርኩ። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ጅጅጋ የገባሁት ለሥራ ነው። ያን ጊዜ ከሐርጌሳ በኩል ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሐርትሼክ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ነበር። ሜዳው ውኃ የሚባል ነገር የለውም። ከጅጅጋ በቦቴ የምናመላልሰው እኛ ነን። ቦቴው ሲታይ ሰዉ ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ይወጣል፤ ልጆቹ ደግሞ መኪናው እስኪቆም የት ይጠብቃሉ፣ ከጎማው ጎን ጎን ይሮጣሉ። እንግዲህ የኔ እንቅልፍ የኔ ብቻ ጉዳይ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ውኃ ሞልቼ ወጣሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት። ዓይኔን የጨፈንኩበትን አላውቅም። ስገልጠው ግመሎች አየሁ። መንገዱን ሞልተውታል። ፍሬን ያዝኩ። የጫንኩት ውኃ ከኋላ ገፋኝ። ቦቴው ተንሸራተተ። ቆመ። የፊተኛዋ ግመል አንገቷን አዙራ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። ባለቤታቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ብትራቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ አለፉ። እኔ ግን ወርጄ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። በግመሎቹ ቦታ እነዚያ ልጆች ነበሩ የታዩኝ።

ለባለቤቴ ለአበራሽ ስነግራት ነገር አላበዛችም። «ነገውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አለችኝ። በቃ።

ሐኪሙ ዶክተር ታምራት ይባላል። የጎጃም ሰው ነው፣ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፣ መነጽር ያደርጋል፣ ሲናገር ደግሞ ቃሉን አንድ በአንድ እንደሚመዝን ሁሉ ቀስ ይላል። እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ገና ሳልቀመጥ፣ «ዶክተር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ይስጡኝ፤ ዳያዜፓም የሚባለውን» አልኩት። ስሙን ከባልደረቦቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤ ነበር የሄድኩት።

እሱ ግን የደም ግፊቴን ለካ። ልቤን አዳመጠ። እንቅርት እንዳለኝ ለማወቅ አንገቴን ዳበሰ። ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ከሰው ጋር ጠብ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከዚያ ጫት እቅም እንደሆነ ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ። ሾፌር ሁሉ ይቅማል ያለው ማነው?

«ዶክተር፣ ቅጠል የሚባል ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም! ቡናም ቢሆን ከተውኩ ሰነባብቻለሁ» አልኩት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የውኃ ቦቴ ነው የምነዳው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ኪኒኑን አልሰጥዎትም» አለኝ። «ማታ ያስተኛዎታል፤ ጠዋት ግን አብሮዎት መኪናው ላይ ይወጣል። ከደምዎ ቶሎ አይለቅም። ደግሞ እንቅልፍ ጨርሶ አልጠፋብዎትም፤ ደህና የሚተኙበት ቀን አለ። በሌላው ቀን የሚያውክዎት ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ፈልገን እናግኘው።»

«እስክናገኘውስ?»

«አይነዱም። ሳምንት ያርፉና ይምጡ።»

«ይቀልዳሉ እንዴ?» አልኩት። አይቀልድም ነበር። ለአለቃዬም ይኸንኑ አስታወቀ። ኪኒን ልቀበል ሄጄ መሪዬን ተቀምቼ ወጣሁ። ያን ቀን ያልሰደብኩት ሐኪም የለም፤ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር ሰድቤያለሁ። ቦቴዬን ሌላ ሰው ሲያስነሣ በጆሮዬ ሰምቼ እቤት መቀመጥ እንዴት እንደሚያቃጥል ሾፌር የሆነ ያውቀዋል። የምፈራው ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ሳምንቱ ወር ሆኖ፣ ወሩ ዓመት ሆኖ፣ «ሾፌሩ ወርቁ በቃው፣ ከእንግዲህ መኪና አይሰጠውም» እንዳይሉኝ ነው።

የቤታችን አከራይ ኤዶ ሐሊማ ይባላሉ። ኤዶ ሶማሌዎቹ የአባትን እህት የሚጠሩበት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላቸው። ግቢያችን አንድ ነው። ወተት በመጣላቸው ቀን ማታ ማታ ለኛም ቁጢ አፍልተው በፔርሙስ ይልኩልን ነበር። ቁጢ ለማያውቀው፣ የደረቀና የታመሰ ቅጠል ተፈልቶ በወተትና በጨው የሚጠጣ ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሆድ ያሞቃል። ከሥራ መውጣቴን ሲሰሙ አዘኑልኝና በየማታው ራሳቸው ያመጡልኝ ጀመር፤ በዚያ ላይ ወፈር አድርገው። «ጠጣ ወንድሜ፣ አላህ ይማርህ» እያሉ እኔ እስክጨርስ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ፊት ደግሞ ተርፎ አይመለስም።

በዚያ ሳምንት ጭራሽ ባሰብኝ። በፊት አንዳንድ ቀን የነበረው አሁን በየቀኑ ሆነ። ሥራ አልሠራሁ፣ መንገድ አልሄድኩ፣ ምን ይሆን የሚያተጋኝ? ልቤ ይመታል። እግሬ አርፎ አይቀመጥም። አበራሽን በትንሽ በትልቁ እቆጣታለሁ። አብዳለሁ ብዬ ፈራሁ። አንድ ባልደረባዬ ከድንበር ማዶ የመጣ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ምን እንደሆነ እሱም በቅጡ አያውቅም። «ፈረስ ያስተኛል» ብሎ ሳቀ።

ከሸሚዜ ኪስ አበራሽ አገኘችው። አልጮኸችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ሽንት ቤት ጨመረችው።

«ምነው አንቺ ሴት!» አልኳት።

«ስትተኛስ እኔ እጠብቅሃለሁ፤ መኪና ላይ ስትወጣ ማን ይጠብቅሃል?» አለችና አለቀሰች። ከተጋባን ወዲህ ለኔ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ።

በቀጠሮዬ ቀን አብራኝ ሄደች። ዶክተሩ ፊቴን ሲያይ፣ «ባሰብዎት» አለ እንጂ አልጠየቀም። አሁንም በቀስታ ጀመረ። እኔም አሁንም ጥርሴን ነክሻለሁ።

«ደህና የሚተኙት የት ሲሆኑ ነው?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሰብኩ። «ሐርትሼክ ሳድር» አልኩት። መኪና ሲበላሽብን ጋቢናው ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ እተኛለሁ፤ ያኔ ሞቼ ነው የማድረው። ለራሴም ገረመኝ። ፍራሽ ላይ የራቀኝ እንቅልፍ ጋቢና ውስጥ ምን አመጣው?

«እቤትዎ ሲያመሹ ያለ፣ እዚያ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው? የሚበላ፣ የሚጠጣ…»

«እኔ አለሁ» አለች አበራሽ፤ ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እራታችን ያው እራት ነው። ከዚያ ቁጢ አለ፣ ጎረቤታችን የሚልኩልን» አልኩ።

«ቁጢ የምን ነው?» አለኝ፣ መልሱን እያወቀ እንደሚጠይቅ መምህር።

«ቅጠል ነው።»

«የምን ቅጠል?»

«የቡ…» አልኩና ቆምኩ። አበራሽ ዞራ አየችኝ። «የቡና» አልኩ ቀስ ብዬ።

እንግዲህ አትሳቁብኝ። ለኛ ለመሀል አገር ሰዎች ቡና ማለት ፍሬው ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጠቁሮ የሚወርደው። ቅጠሉ በወተትና በጨው ሲመጣ እንደ ሾርባ ነው የምናየው እንጂ ቡና ነው ብሎ ማን ያስባል? ቅጠሉ የቡና መሆኑን አውቃለሁ፤ ቡና ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ቡናን ትቼ በየማታው ቡና ስጠጣ ከርሜያለሁ!

«ግን ዶክተር፣ እኔም እኩል እጠጣለሁ፤ ኧረ እንደውም እበልጠዋለሁ። ደህና ነው የምተኛው» አለች አበራሽ።

«ሰውነት ይለያያል። በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን የሚባለው ነገር በቅጠሉም አለ። አንዳንዱን አይነካውም፣ አንዳንዱን ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛውም» አላት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እጠጣዋለሁ። ቡና ትቻለሁ ሲሉኝ ቁጢስ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ያቺን ንግግሩን ስሰማ ቂሜ ሁሉ ወጣልኝ። ያ ሁሉ ስድቤም አሳፈረኝ።

አሁን የቀረው ኤዶ ሐሊማ ናቸው። ሴትዮዋ የሚልኩልኝ ቁጢ ብቻ አይደለም፣ ዱዓቸውንም ጭምር ነው። አልጠጣም ማለት እንዴት ይቻላል? ቀኑን ሙሉ ቃል ሳማርጥ ዋልኩና ሄጄ እንደምንም ነገርኳቸው። ያመመኝ ቁጢው ነው አልኩ።

ጋርበሳር የሚሉትን ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ብላችሁ፣ ተንከተከቱ! «ወላሂ፣ እኔ እኮ የሰጠሁህ እንዳትተኛ ነው! ሚስትህ መሪ ላይ እንቅልፍ ሊጥለው ነው ብላ ስትነግረኝ፣ እንቅልፉን ላባርርልህ ብዬ ነው ያወፈርኩት!»

ለካ አበራሽ የነገረቻቸው መንገድ ላይ ስለወሰደኝ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ሌሊት እንደማልተኛ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም በዚያው ሲያክሙኝ ከርመዋል። ወዲያው አንድ ነገር አሰቡና፣ «እንግዲያው ጠዋት ነው የምልክልህ» አሉ። ዶክተሩም ጠዋት ከሆነ ግድ የለም አለ። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይቀየም ነገሩ አለቀ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሴን ወጋኝ፤ ሰውነት የለመደው ሲቀርበት እንዲህ እንደሚያደርግ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ከዚያ እንቅልፉ እየተመለሰ ሄደ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ተቀየመ ዘመድ ቀስ እያለ። ማታ አንዴ ካልመጣ አልጋ ላይ ከሱ ጋር መታገሉን ትቼ ተነሥቼ ቁጭ እንድል፣ ሌሊቱን ባልተኛም ጠዋት በለመድኩት ሰዓት እንድነሣ፣ ቀን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አግዳሚ ላይ የምሰርቃትን እንቅልፍ እንድተው መከረኝ፤ እኔም እያጉረመረምኩም ቢሆን አደረግሁት፤ ተመልሼ ስሄድም ዓይኔን፣ እጄን፣ ግፊቴን አይቶ መሪዬን መለሰልኝ።

ዶክተር ታምራት መድኃኒት የሚጠላ ሐኪም እንዳይመስላችሁ። በኋላ ወንድሜ ሞቶ መርዶ ሲደርሰኝ፣ ሐዘን ተቀምጬ ለቀናት ዓይኔን መክደን ሲያቅተኝ፣ ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ ሳልጠይቀው ራሱ ዳያዜፓም አዘዘልኝ። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ሥራ እስክገባም አለቀ። «አሁን ያስፈልግዎታል፤ አሁን ደግሞ አይነዱም» አለኝ። ያኔ ነው ሰውዬው በደንብ የገባኝ።

ሥራ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ሐርትሼክ ስገባ፣ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከጎኔ ይሮጣሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጀሪካኗ ከእጇ ወደቀ። ወደ መንገዱ ተንከባለለ። እሷም ተከተለችው። አየኋት። እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። ውኃው ገፋኝ። ቆመ። ከመኪናው አፍንጫ ስር ልጅቷ አትታየኝም። አትታየኝም። ከዚያ ቢጫው ጀሪካን ብቅ አለ፣ ቀጥሎ እሷ።

እናቷ እየሮጠች መጥታ ልጇን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በሌላው የመኪናዬን በር እየደበደበች ሰደበችኝ። ሶማሊኛዬ ግማሽ ነው፤ ግማሹ ግን በቂ ነበር። አባቴንም እናቴንም አላስቀረችም። እኔ መሪዬን እንደያዝኩ ተቀምጬ አዳምጣት ነበር። እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሲወጣላት ልጇን አወረደች፣ ጀሪካኑን አቀበለቻትና ለውኃ ተሰለፉ።

እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ወገኖቼ፣ ሐኪሙ ኪኒን አልሰጥም ቢላችሁ ከመሳደባችሁ በፊት ለምን ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ያለው ከሆነ ታገሡት፤ ከሌለው ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ሥራችሁን ንገሩት። የምትበሉትንና የምትጠጡትን ሁሉ ንገሩት፤ ይኼ እንኳ ምንም አይደለም ያላችሁትን ደግሞ አስቀድማችሁ። ከሰው ኪስ የወጣ ኪኒን አትዋጡ። ለጎረቤታችሁም ሕመማችሁን ስትነግሩ ግማሹን አታስቀሩ።

አበራሽ ኖራ ይኸን ጽሑፍ ብታነብ ደስ ባላት፤ ዕድሜዬን የሰጠችኝ እሷ ናት። ኤዶ ሐሊማን አላህ ይስጥልኝ። አንተ ዶክተር ደግሞ፣ ያን ጊዜ አንቱ እያልኩ ስሰድብህ ነበር፣ ዛሬ አንተ እያልኩ ላመስግንህ። የጠየቅሁህን ብትሰጠኝ ኖሮ ያቺ ሴት የምትሰድበኝ ልጇን አቅፋ አልነበረም።