ስምንት የነሐስ ጥይት ይዤ ፍተሻ ገባሁ

ሐሙስ ከሰዓት... ከኮልፌ ወደ አስኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የጠመንጃ ካዝናና ስምንት ጥይት በፌስታል ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ። ደስታዬ ሌላ ነው። በየደቂቃው ፌስታሉን ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

አትደንግጡ፣ ሽፍታ አይደለሁም። የአጭር ፊልም ዕቃ አዘጋጅ ነኝ። በንጉሡ ዘመን ስለነበረ አንድ ወታደር ፊልም እየሠራን ነው። ባለፈው ሥራችን፣ እሱም የድሮ ዘመን ታሪክ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ረስቼ ሕዝቡ በኮሜንት ጨፍሮብኛል። ዳይሬክተራችን ማህሌት የአሁኑን ሥራ ስትሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ይሄን ካበላሸህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አርብ ጠዋት የሚቀረጸው ደግሞ ወታደሩ ካዝናውን ጥይት ሲሞላ ነው፣ ካሜራው ጣቶቹ ላይ ተለጥፎ። ጠመንጃው ከእንጨት የተጠረበ ስለሆነ ከሩቅ ብቻ ነው የሚታየው። ካዝናውና ጥይቱ ግን እውነተኛ መምሰል አለባቸው።

እና አገኘኋቸው! ሳንሱሲ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ደምሰው በወጣትነታቸው የንጉሡ ጦር ውስጥ ነበሩ። አንድ የዛገ ባዶ ካዝና የበር ማስደገፊያ አድርገውት አየሁ። የቁልፋቸው ማንጠልጠያ ደግሞ ባሩዱ የወጣለት ጥይት ነው። ለመንኳቸው፣ ሁለቱንም አዋሱኝ። ሁለቱም የዚያ ዘመን፣ ሁለቱም የአሜሪካ... ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ጥይቱንም ካዝናውንም ይዤ ኮልፌ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለቶርኖው የፊልሙን የፈቃድ ደብዳቤ ካላየሁ አልነካም ብሎ ቤት ድረስ መለሰኝ። ደብዳቤውን ካሳየሁት በኋላ ግን ተጠቦበት ስምንት አምሳያ ከነሐስ አወጣልኝ። ሲያብለጨልጩ ሳይ ልቤ ጠፋ። ዕቃዬን ሰብስቤ እየበረርኩ ታክሲ ያዝኩ።

አስኮ ሳንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። ፍተሻ። ወርደን ተሰለፍን። አንድ ወጣት ፖሊስ ፌስታሌን ከፈተና ፊቱ ተለዋወጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ከኔ ራቀ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬማ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም» አለ።

የፊልም ነው አልኩ። ደብዳቤ ጠየቀኝ። ኪሴን ዳበስኩ፣ ቦርሳዬን በረበርኩ... የለም። ቶርኖ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። ላብ አጠመቀኝ። በአንድ በኩል እስር ቤት ይታየኛል፣ በሌላ በኩል ማህሌት።

ወጣቱ አለቃውን ጠራ። ሸበት ያሉ፣ የተረጋጉ ሰው ናቸው። አንዱን ጥይት አንስተው በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉት፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ከዚያ ከካዝናው አፍ ጋር አስተያዩት።

«ይሄ ጥይት የዚህ ካዝና አይደለም» አሉ።

እዚህ ጋ ጤነኛ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስንት ቀን የለፋሁበትን ሥራ!

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አለቃ... የዚሁ ነው። ልክክ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ወጣቱ ፖሊስ አፉን ከፍቶ አየኝ። አስቡት... ፖሊስ ፊት ቆሜ ጥይቴ ትክክለኛ ነው ብዬ እየተከራከርኩ ነው።

«እስቲ ክተተው» ብለው ካዝናውን ሰጡኝ።

ከተትኩት፣ እምቢ አለ። ጫፉ ወደ ውጭ ተረፈ። አዙሬ ሞከርኩ፣ ሌላውን ሞከርኩ፣ ስምንቱንም ሞከርኩ። ለካ እኔ ቶርኖ ቤት ቆሜ በብልጭታው ስደሰት አንዱን እንኳን ከትቼ አላየሁም።

አለቃው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ድሮ ውትድርና ላይ ሳሉ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። ካዝናው ኤም ፎርቲን ለሚባለው ጠመንጃ የተሠራ ነው። የጋሽ ደምሰው ጥይት ግን ከሱ በፊት የመጣው የኤም ዋን ነው፤ ያኛው ጠመንጃ የሚነቀል ካዝና የለውም፣ ስምንት ጥይት በላይ በኩል ይጎርሳል። ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የኤም ዋኑ ግን ይረዝማል። እኔም ፍርሃቴን ረስቼ ጥያቄ በጥያቄ አደረግኳቸው። በስንት ይረዝማል? ጫፉስ እንዲህ ሹል ነው? ወጣቱ ፖሊስ የታሰርኩት እኔ ልሁን እሳቸው ግራ ገባው።

ከዚያ ባለቶርኖው ጋ ደወልኩ፣ ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አለቃው አንድም ቃል ሳይዘሉ አነበቡት። ማህሌት ጋም ደወሉና ያለውን ነገር ነገሯት። ማህሌት ታስሯል ወይ ብላ አልጠየቀችም። «ለነገ ይደርሳል?» ነው ያለችው።

አለቃው ስልኩን ዘግተው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልቀቀው። ይሄ ልጅ ማንንም አይጎዳም፣ ጥይቱና ካዝናው እንኳን አይተዋወቁም።»

ወደ ኮልፌ የተመለስኩት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ባለቶርኖው ሊዘጋ ሲል ደረስኩበት። እያንዳንዱን አለቃው በነገሩኝ ልክ ከኋላው ቆርጦ ቅርጹን እንደ አዲስ አወጣለት። የመጀመሪያውን ስከት ቀጭ ብሎ ገባ። ባለቶርኖውን ከነግራሶው አቅፌ ሳምኩት።

አርብ ጠዋት ተቀረጸ። ማህሌት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችውና፣ ከሷ ያልለመድኩትን፣ ፈገግ አለች። ከዚያ ፊልሙ መጨረሻ ላይ «ወታደራዊ አማካሪ» ብላ የፖሊስ አለቃውን ስም ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች። ማን ይባላሉ አለችኝ።

እሳቸው የኔን ስም እስከ አያቴ፣ የእናቴን ስም፣ የቤት ቁጥሬን ሳይቀር መዝግበው ይዘዋል... የሳቸውን ስም መጠየቅ ትዝ ያላለኝ እኔ ነኝ።