የባዮሎጂው ጥለት

መምህር በርናባስ ማትሪክ ሊፈትን አርባ ምንጭ በመጣ ቁጥር ያንን ሽበታም የግል ተፈታኝ ያገኘዋል። ከዶርዜ የሚወርድ ሸማኔ ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ራሱ የሸመነውን ጋቢ ጣል አድርጎ፣ ልጆቹ ከሚሆኑ ተፈታኞች መሀል ይቀመጣል። መልሶቹን አጥቁሮ ሲጨርስ ወረቀቱን ከዓይኑ ራቅ ያደርግና ጥቋቁሮቹ ነጥቦች እንዴት እንደሚወርዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል።

ዘንድሮ ባዮሎጂ ላይ አርባ ሰባተኛው ጥያቄ ጋ ሲደርስ ፊቱን ቋጠረ። «ቢ»ን በላጲስ አጠፋና «ዲ»ን አጠቆረ። በርናባስ ከጀርባው ቆሞ አየው፤ ትክክሉ «ቢ» ነበር።

ወረቀት ሲሰበስብ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ያቺን ምነው ቀየሯት?»

«ጥለቱን አበላሸችብኝ፣ መምህር።»

«ታዲያ በዚህ ዓይነት መቼ ኮሌጅ ሊገቡ ነው?»

ሰውየው ሳቅ ብሎ የጋቢውን ጠርዝ ገለጠለት። ቀያይ ነጥቦች ወዲያና ወዲህ እያሉ ይወርዳሉ። «ይኼ የአምናው ሒሳብ ነው» አለ። «የካቻምናው ጂኦግራፊ ጨንቻ ገበያ ላይ ገዢ ተሻማበት። ልጄን ሻንጣ አስይዞ ኮሌጅ የሸኘልኝ እሱ ነው።»

በርናባስ ወረቀቱን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የባዮሎጂው ሲደርስ ለባለቤቴ አንድ ያስቀሩልኝ።»