ፊቱን ያጨማደደ አይድንም

ሰፈሩ አባ መራራ የሚል ስም ያወጣላቸው ከተራራ በሚያስመጡት ቅጠል ምክንያት ነው። ቅጠሉ ለሆድ ቁርጠት፣ ለወስፋት፣ ለቁርጥማት፣ ለትኩሳት፣ ሲቸግርም ለሰነፍ ተማሪ ይሆናል። የማይሆነው ለጣዕም ብቻ ነው። በጠባቧ ክፍላቸው ጣሪያ ላይ በእስር በእስር ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ሙቀጫው ግን በር ላይ ነው፤ ሲወቀጥ አላፊ አግዳሚው መስማት አለበታ!

መድኃኒቱ ሕግ አለው። አንድ ሲኒ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ፊቱን ያጨማደደ አይድንም፤ ሰባት ቀን ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። ያን ነገር ጠጥቶ ፊቱን ያላጨማደደ በሽተኛ ደግሞ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ሰውዬው ሰባቱን ቀን እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ ብሎ መንገድ ተሻግሮ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ የአባ መራራ ልጅ ነርስ ናት፤ ትወጋዋለች፣ እንክብል ትሰጠዋለች፣ ይሻለዋል። በስምንተኛው ቀን ድኖ ይመለስና ቅጠሉን እየሳቀ ይጨልጣል። ምርቃቱ ለማን? ለአባ መራራ!

ዘንድሮ ታዲያ ሆድ ቁርጠቱ የባለመድኃኒቱን በር አንኳኳ። ጠዋት ማታ ጠጡ፤ መስታወት ፊት ቆመው ጠጡ፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ሕመሙ ግን ሕጉን የሰማ አልመሰለም። ከሱ፣ ጠቆሩ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደም አስመለሳቸው። ልጅቱ ፈራች፤ እናቷን ቀብራለች፣ አባቷን መድገም አልፈለገችም።

«ተነስ እንሂድ፣ አባዬ።»

«እኔ? ጤና ጣቢያ? ደንበኛ ቢያየኝስ? ሠላሳ ዓመት የወቀጥከው ገለባ ነው በዪኛ!»

ልመናም ልቅሶም አልሠራም። በመጨረሻ እንባዋን ጠረገችና «ፊትህን አጨማደድክ» አለቻቸው።

«ማን? እኔ?»

«ትናንት ማታ። በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ፤ የግራ ቅንድብህ።»

አባ መራራ የግራ ቅንድባቸውን ዳበሱ። ሕጉን ያወጣ ሰው ከሕጉ ወዴት ይሸሻል?

«እንግዲያው ሰባት ቀን መጠበቅ አለብኝ» አሉ።

«እጅህን አጣጥፈህ ከምትቀመጥማ…» አለችና ካፖርታቸውን አቀበለቻቸው።

ከጤና ጣቢያው ሆስፒታል ተላኩ። ጨጓራቸው ቆስሎ ሊበሳ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ተቀድደው ተሰፉ። ሐኪሙ ቅጠሉን አጥብቆ ከለከላቸው፤ ለክትትልም እንዲመለሱ አዘዘ። እሳቸው ግን «አንዴ ይበቃል፣ ከእንግዲህ እግሬን አላነሳም» ብለው ቤታቸው ገቡ።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ፤ ባለመድኃኒቱ በመድኃኒቱ ሲድን ለማየት። ልጅቱ ሲኒውን አመጣች። ውስጡ ያለው ስኳር የበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ ነበር። አባ መራራ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሠላሳ ዓመት ያን ምሬት የሚያውቅ ምላስ አይታለልም። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እሷም ዓይኗን ከፊታቸው አልነቀለችም።

ያኔ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ አፍንጫቸውን ሸበሸቡ፣ አፋቸውን አጣመሙ። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ማጨማደድ አይቶ አያውቅም።

«ኧረ ይመራል!» አሉ። «በይ ልጄ፣ ሰባት ቀን አለብኝ፤ ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ።»